የአሮጌ መኪና የጭስ ልቀትና የቫኪዩም ቫልቭ ችግሮችን ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

«መኪናዬ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ በጭስ ምርመራም ወድቋል፤ ካርቡሬተሩን ልቀይር?» የሚል ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላና የአየር ፊልተር ቀይረዋል፤ አንዳንዶቹም ካርቡሬተሩን አስፈትተው አሳጥበዋል። ከዚያ ሁሉ ወጪ በፊት መታየት የነበረባቸው ግን ከማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል፣ ተነሥተው በየአቅጣጫው የሚሄዱት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችና በእነርሱ የሚንቀሳቀሱት ቫልቮች ናቸው። እነዚህን ለመፈተሽ ርካሽ መሣሪያና ትዕግሥት ይበቃል።

መመሪያው የተጻፈው በቤንዚን ለሚሠሩ፣ ካርቡሬተር ወይም የቀድሞ ዓይነት ኢንጀክሽን ላላቸው መኪኖች ነው። አብዛኛው የአሮጌ ናፍጣ ሞተር የአየር መግቢያውን የሚያጠብ በር ስለሌለው ቫኪዩም የሚያገኘው ከተለየ ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የተሰጡት ንባቦች ለናፍጣ አያገለግሉም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ ያለበት

ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። በፔዳሉ የሚታዘዘው የአየር በር፣ ማለትም ትሮትሉ፣ ተዘግቶ ሳለ የሚሳበው አየር በበቂ ስለማይገባ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ቫኪዩም የምንለው ይህንኑ ልዩነት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ቫኪዩሙ ከፍተኛ ይሆናል፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

የቫኪዩም መውጫዎች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ከትሮትሉ በታች ያሉት ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራም ይስባሉ። ከትሮትሉ ጠርዝ ከፍ ብለው የተበሱት ግን በሚኒሞ ምንም አይስቡም፤ መሳብ የሚጀምሩት ትሮትሉ ትንሽ ሲከፈት ነው። ሁለቱን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን ቱቦ «አይስብም» ብሎ ይፈርድበታል፣ ወይም ቱቦዎቹን አቀያይሮ ይሰካና አዲስ ችግር ይፈጥራል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ0 እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ የሚያነብ የቫኪዩም ጌጅ
- ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ
- ቲ ቅርጽ ያላቸው ማገናኛዎችና የተለያየ ውፍረት ያላቸው የጎማ መድፈኛዎች
- የዙር መቁጠሪያ (ታኮሜትር)፣ የታይሚንግ መብራት (የእሳት መነሻ ጊዜን ማሳያ) እና መልቲሜትር
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የቁልፍ ስብስብ
- የካርቡሬተር ማጽጃ፣ ብሩሽ፣ ካርቦን መፋቂያ የሚሆን ሽቦ
- ውሃ የተሞላ መርጫ ጠርሙስ
- ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ
- የመከላከያ መነጽርና ጓንት
- የመኪናው የጥገና መጽሐፍ፣ ወይም በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈው የቫኪዩም ቱቦዎች ሥዕል

ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ብቻ መግዛት የሚችሉ ከሆነ ጌጁንና የእጅ ፓምፑን ይምረጡ።

ማስጠንቀቂያ

ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያሠሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ በመቆሚያው ላይ ይተዉት። የማራገቢያው ክንፍና የቀበቶው መንገድ ለእጅ፣ ለጸጉርና ለጌጁ ቱቦ አደገኛ ስለሆነ ቱቦውን ከእነርሱ ራቅ አድርገው ይሰሩት። የካርቡሬተር ማጽጃ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በጋለ የጭስ ማኒፎልድ ወይም እሳት በሚያፈስ የካንዴላ ገመድ አጠገብ በፍጹም አይርጩ። የፍሬን መርጃው ቱቦ ተነቅሎ ሳለ ደግሞ መኪናውን ከቦታው አያንቀሳቅሱ፤ ፔዳሉ እጅግ ይጠነክራል፣ መኪናውም በሚጠበቀው ርቀት አይቆምም።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን ይመዝግቡ፣ የጭስ ምርመራ ወረቀቱንም ያንብቡ

የምርመራ ውጤት ካለዎት መንገዱን ግማሽ ያሳጥርልዎታል፤ እያንዳንዱ ጋዝ የሚናገረው የተለያየ ነገር ነውና።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል። መንስኤው የተደፈነ የአየር ፊልተር፣ ያልተከፈተ ቾክ፣ ከመጠን በላይ የሞላ ካርቡሬተር፣ ሳይዘጋ የቀረ የነዳጅ ትነት ቫልቭ ወይም በቤንዚን የተበከለ የሞተር ዘይት ሊሆን ይችላል። ሃይድሮካርቦን ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ሃይድሮካርቦንና ኦክስጅን አብረው ከፍ ብለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝቅ ካለ፣ የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ከመሳሳቱ፣ ማለትም ነዳጅ ከማነሱ፣ የተነሣ እሳት እየሳተ ነው፤ የቫኪዩም መፍሰስ፣ ማለትም በስንጥቅ ወይም በላላ ቱቦ ያልተፈለገ አየር መግባት፣ ዋነኛ ተጠርጣሪ ይሆናል። ሃይድሮካርቦኑ ብቻ ከፍ ካለ ካንዴላውን፣ ገመዱንና የእሳት መነሻ ጊዜውን አስቀድመው ይመልከቱ። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች መብዛት የቃጠሎው ሙቀት ከልክ ማለፉን ያሳያል፤ የጭስ መላሹ ቫልቭ (ኢጂአር) አለመከፈት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። መኪናው ቆሞ በሚደረግ ምርመራ ግን እነዚህ ኦክሳይዶች እምብዛም ስለማይታዩ፣ ምርመራውን ያለፈ መኪና ኢጂአሩ ተደፍኖ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ።

በእነዚህ ቁጥሮች ከመተማመንዎ በፊት የጭስ ማውጫው ቱቦና ማርሚታው ያልተቀደዱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በቀዳዳው የገባ የውጭ አየር ኦክስጅኑን ያበዛል፣ ሌሎቹን ጋዞች ደግሞ ያሳንሳል፤ ተመርማሪው ሞተር ሳይሆን ቀዳዳው ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ቱቦዎቹን ይሰይሙ፣ ይዳብሱ፣ ከሥዕሉ ጋር ያመሳክሩ

ሞተሩ ቀዝቅዞና ጠፍቶ እያለ በእያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ጫፎች ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ይስጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈትሹ። የጎማ ቱቦ የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ የብረት ጫፍ ላይ በተሰካበት መጨረሻው ነው፤ ስንጥቁም ቱቦው ካልታጠፈ አይታይም። የደረቀ፣ በዘይት የለሰለሰ፣ ሲጨመቅ ተጣብቆ የሚቀር ወይም ጫፉ የሰፋ ቱቦ ይቀየራል። ጫፉ ብቻ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ሴንቲሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ለጊዜው ያሠራል።

ቱቦ ሲቀይሩ የውስጡ ስፋት ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን። የሲሊኮን ቱቦ ለደረቅ ቫኪዩም ጥሩ ቢሆንም የዘይት ጭጋግ ወይም የቤንዚን ትነት በሚያልፍበት መስመር ላይ አይዋልም፤ እዚያ ነዳጅና ዘይት የሚቋቋም ቱቦ ያስፈልጋል። በአንዳንድ መስመሮች ላይ የሚገኘውን ጠባብ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የነሐስ ቁራጭ አይጣሉ። ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ቫልቩ የሚከፈትበትን ፍጥነት የሚወስነው እርሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን አሙቀው መነሻ ንባብ ይውሰዱ

ሞተሩን አስነሥተው የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅና ቾኩ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድረስ ይጠብቁ። በቀዝቃዛ ሞተር የተወሰደ ንባብ ዋጋ የለውም፤ ብዙዎቹ የልቀት መቆጣጠሪያ ቫልቮች የሚነቁት ውሃው ከሞቀ በኋላ ነውና። ጌጁን በቲ ማገናኛ ከትሮትሉ በታች ካለ መውጫ ጋር ያያይዙት። መውጫውን እንዳይስቱ በቀላል መንገድ ያረጋግጡ፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጌጁ ዜሮ ካነበበ የተያያዘው ከላይኛው መውጫ ጋር ነው።

በባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል፤ በኪሎፓስካል ከ57 እስከ 74 ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን የውጭው አየር ራሱ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ይቀንሱ። በ2000 ሜትር ላይ 13 ኢንች የሚያነብ ሞተር ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከፍታውን ሳያሰላ በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ የሚሄድ ሰው የሌለ መፍሰስ ሲፈልግ ይውላል።

ደረጃ 4፦ ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌውን እንቅስቃሴ ያንብቡ

መርፌው ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ጸንቶ ከቆመ የእሳት መነሻ ጊዜው ዘግይቷል፣ ወይም የሆነ ቦታ አየር ይገባል። እጅግ ዝቅ ካለ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮንን፣ የፍሬን መርጃውን ወፍራም ቱቦ ወይም የታይሚንግ ቀበቶውን ወይም ሰንሰለቱን ቦታ መሳት ይጠርጥሩ። መርፌው እየጠበቀ በእኩል ልዩነት ጥቂት ኢንች የሚወርድና የሚመለስ ከሆነ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር ላይ ነው፤ የተቃጠለ የሲሊንደር ቫልቭ (ከቫኪዩም ቫልቮቹ የተለየ) ወይም እሳት የማያወጣ ካንዴላ ይሆናል። በሚኒሞ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥና ዙሩ ሲጨምር የሚረጋ መርፌ የተበላ የቫልቭ መምሪያን ያመለክታል፤ ዙር ሲጨምር ንቅናቄው ከሰፋ ግን የደከመ የቫልቭ ስፕሪንግ ነው። በዝግታ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል መርፌ ብዙውን ጊዜ የድብልቅ ማስተካከያ ጉዳይ ነው።

ቀጥለው ሞተሩን በ2500 ዙር በደቂቃ ያጽኑት። ንባቡ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቷል፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (በጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጽጃ) ወይም ማርሚታው ተደፍኗል። በመጨረሻም ፔዳሉን በቅጽበት ረግጠው ይልቀቁ። መርፌው ከ5 ኢንች በታች ወርዶ፣ ከሚኒሞው ንባብ ጥቂት ኢንች ከፍ ብሎ ከዘለለ በኋላ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከፍ ማለቱን ትቶ በዝግታ ብቻ ከተመለሰ የፒስተን ሪንጎች ደክመው ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ደረጃ የማያልፉበት ምክንያት ቀላል ነው። የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የደከመ ሪንግ ያለበትን ሞተር በቱቦ ለውጥ ማዳን አይቻልም፤ መርፌው ይህን ካሳየ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን ያስለኩ።

ደረጃ 5፦ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ይዝጉ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ጌጁ እንደተያያዘ፣ ከማኒፎልዱ የሚነሡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ከሥራቸው ነቅለው መውጫውን ወዲያው በጎማ ይድፈኑ። አንዱን ሲደፍኑ መርፌው ከፍ ካለና ሚኒሞው ከተስተካከለ መፍሰሱ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቱቦውን መልሰው ይሰኩና በዚሁ ቅርንጫፍ ላይ ወደ ፊት ይቀጥሉ፤ ከመካከለኛው መገናኛ፣ ከዚያም ከመጨረሻው ቫልቭ መግቢያ ላይ ሲዘጉት የትኛው ክፍል እንደሚያፈስ ይለያል። ለውጥ ያላመጣውን ወደ ቦታው ሳይመልሱ ሌላ አይንቀሉ።

አንድ ቅርንጫፍ ግን ሁልጊዜ ለውጥ ያሳያል፤ የሞተሩን ውስጣዊ ጭጋግ የሚስበው የፒሲቪ መስመር ነው። እርሱ በልክ የተሠራ መፍሰሻ ስለሆነ ሲዘጋ ዙሩ ትንሽ መውረዱ ትክክለኛ ነው።

ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ምልክቱ እንደ መለኪያው ዓይነት ይለያያል። የሚገባውን አየር በሚለካ ሥርዓት ላይ ከመለኪያው በኋላ የገባ አየር ስለማይቆጠር ሞተሩ ሳስቶ ይንቀጠቀጣል። የማኒፎልድ ግፊት በሚለካ ሥርዓት ላይ ግን ኮምፒውተሩ ተጨማሪውን አየር አይቶ ነዳጅ ስለሚጨምር፣ መፍሰሱ ራሱን የሚገልጸው በሚኒሞ ከፍ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ከቱቦ ውጭ ያለውን መፍሰስ ይፈልጉ

ሁሉም ቅርንጫፎች በየተራ ተዘግተው ንባቡ አሁንም ዝቅ ካለ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን፣ የካርቡሬተሩን መቀመጫና የትሮትሉን ዘንግ ይመርምሩ። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ከኤሌክትሪክ ክፍሎች ርቀው ጥቂት ውሃ ይርጩ፤ ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲዘጋው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የካርቡሬተር ማጽጃ የበለጠ ግልጽ መልስ ይሰጣል፣ ከላይ የተነገረው የእሳት አደጋ ግን አለው። እኔ በውሃ ጀምሮ መልስ ሲጠፋ ብቻ ወደ ማጽጃው መሄድን እመርጣለሁ።

ጓርኒሲዮን ሲቀይሩ ሲሊኮን ማሸጊያ አይጨምሩ፤ የግድ ከሆነ ደግሞ ለኦክስጅን ሴንሰር የማይጎዳ መሆኑ የተጻፈበትን ይጠቀሙ። የተራ ሲሊኮን ትነት በማኒፎልዱ አልፎ ተቃጥሎ ሴንሰሩን ይሸፍነዋል።

ደረጃ 7፦ የፒሲቪ ቫልቭ

በፒስተን ሪንግ በኩል ሾልኮ ወደ ዘይት ቋቱ የሚወርደውን ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ መልሶ የሚያቃጥለው ይህ ቫልቭ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቩን ከቴስታታው ክዳን ላይ ነቅለው ጫፉን በጣት ይዝጉ። ጠንካራ ስበት ሊሰማዎት፣ ከውስጡም የመንኳኳት ድምፅ ሊሰሙ ይገባል። ስበት ከሌለ ቱቦው ወይም ቫልቩ ተደፍኗል። ሞተሩን አጥፍተው ሲያንቀጫቅጩት የማይንኳኳ ቫልቭ ውስጡ በዝቃጭ ተጣብቋል፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ከማጠብ መቀየር ይሻላል።

ተዘግቶ የቀረ ቫልቭ በዘይት ቋቱ ውስጥ ግፊት ያከማቻል፤ ግፊቱም ዘይቱን በማሸጊያዎች በኩል ይገፋዋል፣ በአየር ፊልተሩ ውስጥም ዘይት ይታያል። ተከፍቶ የቀረው በአንጻሩ ድብልቁን ያሳሳል፣ ዘይትም ያስበላል። ትክክለኛው የክፍል ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚመሳሰሉ ቫልቮች የውስጥ ቀዳዳቸውና ስፕሪንጋቸው የተለያየ ስለሆነ «ገባ» ማለት «ሠራ» ማለት አይደለም።

የጭስ መለኪያ ካለ ሌላ ጠቃሚ ሙከራ አለ። ቫልቩ ከክዳኑ ተነቅሎ ንጹሕ አየር ሲስብ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በጉልህ ከወረደ፣ ዘይቱ በቤንዚን ተበክሏል። እንዲህ ያለውን መኪና ካርቡሬተሩን በማስተካከል ከምርመራ ለማሳለፍ መሞከር ከንቱ ነው፤ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ቤንዚኑም ከየት እንደገባ ይፈልጉ።

ደረጃ 8፦ የጭስ መላሹ ቫልቭ (ኢጂአር)

ይህ ቫልቭ ጥቂት የተቃጠለ ጭስ ወደ ማኒፎልዱ ይመልሳል። የተመለሰው ጭስ ዳግመኛ ስለማይቃጠል የቃጠሎውን ሙቀት ያወርዳል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ይቀንሳሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በሚኒሞ ሲሠራና ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ መዘጋት፣ በመካከለኛ ጉዞ ላይ መከፈት አለበት። ስለዚህ ሁለቱ ብልሽቶቹ ተቃራኒ ምልክት አላቸው፦ ተከፍቶ ከቀረ ሚኒሞው ይረበሻል፣ ሞተሩም ይጠፋል፤ ተዘግቶ ከቀረ ሚኒሞው ልስልስ ሆኖ ዳገት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል።

ሞቃቱን ሞተር በሚኒሞ እያሠሩ የቫልቩን ቱቦ ነቅለው በምትኩ የእጅ ፓምፑን ይሰኩ፤ ከ5 እስከ 10 ኢንች ያህል ይሳቡ። ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

ሞተሩ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ቫልቩም መተላለፊያውም ይሠራሉ፤ ችግር ካለ የሚፈለገው ቫኪዩሙን በሚልክለት መስመር ላይ ነው። ፓምፑ ቫኪዩም ከያዘ፣ ዘንጉም ሲነሣ ከታየ፣ ሞተሩ ግን ምንም ካልተሰማው መተላለፊያው በካርቦን ተደፍኗል። ይህ እጅግ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጤነኛ ቫልቭም በከንቱ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቫልቩን ፈትተው በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ በሽቦና በብሩሽ ያጽዱ፤ የተፋቀው ካርቦን ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ በጨርቅ ይከልሉ፣ ጨርቁንም ማውጣት አይርሱ። ሦስተኛው፣ ጌጁ ቫኪዩሙን ሳይይዝ ከወረደ ዲያፍራሙ፣ ማለትም በቫኪዩም የሚሳበው ቀጭን ሽፋን፣ ተቀዷል፤ ቫልቩ ይቀየራል።

በሦስተኛው ፍርድ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቫልቮች የጭሱን ግፊት እየለኩ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው የጭሱ ግፊት ካልገፋቸው በቀር ቫኪዩም ሆን ብለው የሚያፈስሱ አሉ። እንዲህ ያለው ቫልቭ ሞተሩ ጠፍቶ ሲፈተሽ የተቀደደ ይመስላል። የእርስዎ ቫልቭ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከጥገና መጽሐፉ ሳያረጋግጡ አይጣሉት።

ቫልቩ ተከፍቶ እንደቀረ ከጠረጠሩ፣ በቫልቩና በማኒፎልዱ መካከል ቀዳዳ የሌለው ቀጭን ቆርቆሮ አስገብተው ሞተሩን ያስነሡ። ሚኒሞው ከተስተካከለ ፍርዱ ተሰጥቷል። ቆርቆሮው የሙከራ ዕቃ ብቻ ነው፤ በዚያው መተው ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ከጊዜ በኋላ ፒስተንና ቫልቭ ያስቃጥላል።

ደረጃ 9፦ ቫኪዩሙን የሚፈቅዱና የሚከለክሉ ቫልቮች

በራዲያተር ውሃ መንገድ ላይ የተሰካ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የቱቦ ጫፎች ያሉት ቫልቭ የሙቀት ቫኪዩም ቫልቭ ይባላል። ሥራው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቫኪዩሙ ወደ ኢጂአርና ወደ ሌሎች ክፍሎች እንዳይደርስ መከልከል ነው። ሁለት ጫፍ ያለውን የተለመደውን ዓይነት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በንጹሕ ቱቦ እፍ ሲሉበት መዘጋት፣ ሲሞቅ ማሳለፍ አለበት። በሁለቱም ሁኔታ የሚያሳልፍ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይንገዳገዳል፤ በሁለቱም የሚዘጋ ከሆነ ኢጂአሩ ጨርሶ አይሠራም። ብዙ ጫፍ ያላቸው የትኛው ከየትኛው በምን ሙቀት እንደሚገናኝ በመጽሐፉ ይነበባል። ሲፈቱት ውሃው የሚያቃጥል ወይም ግፊት ያለው አለመሆኑን ያረጋግጡ።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ደግሞ መሰኪያቸውን ነቅለው መጀመሪያ በመልቲሜትር የሽቦ ጥቅላቸውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ከመጽሐፉ ጋር ያነጻጽሩ፤ ቀጥሎ ባለ 12 ቮልት መሆናቸውን አረጋግጠው ከባትሪ ያገናኙ። የ«ጠቅ» ድምፅ ብቻ አይበቃም፣ አየር ማሳለፉና መከልከሉም ይፈተሽ። በላያቸው ላይ ያለው ትንሽ የአየር ማጣሪያ ሲደፈን ቫልቩ ጠቅ እያለም ቫኪዩሙን ስለማይለቅ ኢጂአሩ ተከፍቶ ይቀራል።

ደረጃ 10፦ የነዳጅ ትነት ቫልቭና የከሰል ጣሳው

የነዳጅ ታንከሩ ትነት በከሰል ጣሳ ውስጥ ይጠራቀምና መኪናው ሲጓዝ ወደ ሞተሩ ይሳባል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ በሚኒሞ ይህ መስመር ዝግ ነው። ከጣሳው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ በጣሳው በኩል ነቅለው ጫፉን በጣት ይንኩ፤ በሚኒሞ ስበት ካለ ቫልቩ አልተዘጋም። የዚህ ብልሽት መለያ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ሞተሩ አልነሣም ማለቱ፣ የቤንዚን ሽታና ከፍ ያለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጣሳው ራሱ ቤንዚን ጠጥቶ ከከበደ ወይም ከተቀደደ የከሰል ፍርፋሪ ወደ ቱቦዎቹ እየሄደ ሌሎቹን ቫልቮች ስለሚደፍን መቀየር አለበት። ታንከሩን እስከ አፉ መሙላት ጣሳውን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ደረጃ 11፦ ከልቀት ውጭ ያሉ የቫኪዩም ተጠቃሚዎች

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ ከዚያም እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ቱቦውን፣ በእርሱ ላይ ያለውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭና የፍሬን መርጃውን ዲያፍራም ይመርምሩ። የአንድ አቅጣጫው ቫልቭ አየርን ከመርጃው ወደ ሞተሩ ብቻ ማሳለፍ አለበት።

ሁለት የሚያስቱ ምንጮችን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። የፍሬን ዘይት ከውጭ የሚታይ መፍሰስ ሳይኖር እየጎደለ ነጭ ጭስ ከታየ፣ ማስተር ሲሊንደሩ ወደ መርጃው ውስጥ እያፈሰሰ፣ ሞተሩም በቱቦው እየሳበ ያቃጥለው ይሆናል። በአንዳንድ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ላይ ያለው በቫኪዩም የሚሠራ መቆጣጠሪያ ዲያፍራሙ ሲቀደድም ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል። ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው ውስጡ ዘይት ካገኙ ቴስታታ ለማውረድ አይቸኩሉ።

እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩንም ዲያፍራም በእጅ ፓምፑ ይሳቡት፤ ቫኪዩሙን መያዝ፣ በውስጡ ያለው ሰሌዳም መዞር አለበት። ካልያዘ ነዳጅ ይበላል፣ በጉዞ ላይም ይደክማል።

ደረጃ 12፦ መልሰው ይግጠሙ፣ ያስተካክሉ፣ እንደገና ይለኩ

ሁሉም መፍሰስ ከተዘጋ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ወይም ወርዶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ቀድሞ ሰው መፍሰሱን ለመሸፈን ያዛባው ማስተካከያ አሁን ራሱን ስለሚያሳይ ነው። በቅደም ተከተል የእሳት መነሻ ጊዜውን፣ ከዚያ የሚኒሞ ዙሩን፣ በመጨረሻ ድብልቁን ያስተካክሉ። በአብዛኞቹ መኪኖች የእሳት መነሻ ጊዜ የሚለካው የዲስትሪቢዩተሩ ቱቦ ተነቅሎና ተደፍኖ ነው፤ መጽሐፉ የሚያዘውን ይከተሉ። ጌጁ ላይ ከፍተኛውን ንባብ ለማግኘት ብቻ ሲሉ እሳቱን ማስቀደም ሞተሩን ለማንኳኳትና ለናይትሮጅን ኦክሳይድ ይዳርጋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ብዙ ቱቦ በአንድ ጊዜ ነቅሎ የትኛው የየት እንደነበር መርሳት።
- ያረጀውን ቱቦ ከመቀየር ይልቅ በብሎን መድፈን። ሚኒሞው ይስተካከላል፣ በመጨረሻው ላይ ያለው ቫልቭ ግን ከሥራ ውጭ ይሆናል።
- መፍሰስ እያለ ድብልቁን በማወፈር መንቀጥቀጡን ማስታገሥ። ሃይድሮካርቦኑ ወርዶ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይወጣል፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ካለም ይግላል።
- በኢጂአሩና በማኒፎልዱ መካከል የነበረውን አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሶ መጠቀም።
- ሁለት ክፍሎችን አንድ ላይ ቀይሮ የትኛው በሽተኛ እንደነበር ሳያውቁ መቅረት።
- ወደ ጭስ ምርመራ በቀዝቃዛ ሞተር መሄድ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሥራ የሚጀምረው ሲግል ስለሆነ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ነድተው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ተራዎን ይጠብቁ።